ግቢያችሁን ሜዳ አታድርጉት፦ በጎጃም የመኖሪያ ግቢን ከፍታና ተዳፋት የማስተካከል ዝርዝር መመሪያ

ሐምሌ ነበር። ደብረ ማርቆስ ዳር ባለው የቤተሰቤ ቤት ማታውን ሲያወርደው የነበረው ዝናብ ጠዋት አባራ። ጓዳ ገብቼ ግድግዳውን በእጄ ስዳብሰው ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍታ ድረስ ርሷል። ምርጊቱን በጣቴ ጫን ስለው ገለባው ብቻ እጄ ላይ ቀረ፣ ጭቃው ተንዶ ወረደ። ጣሪያው አላፈሰሰም። ውሃው የገባው ከሥር ነው።

ጥፋቱ የተሠራው ግንቦት ላይ ነው። ግቢው ዘቅዛቃ ስለነበር "እናስተካክለው፣ ያምራል" ብለን በሎደር ደለደልነው። ልክ እንደ ኳስ ሜዳ ሆነ። የተረፈውን አፈር ደግሞ ወደ ቤቱ ጥግ ገፋነው። ክረምቱ ሲገባ ውሃው መሄጃ አጣ። ጎረቤታችን ያሉ አንድ አዛውንት ገበሬ መጥተው ቆመው አዩና "ልጄ፣ ፈሰስ ሳይወጣለት የሚታረስ መሬት አለ እንዴ?" አሉኝ። የጎጃም ገበሬ ማሳውን አርሶ ከዘራ በኋላ አገዳደም ፈሰስ፣ ማለትም የውሃ መውረጃ ቦይ፣ አውጥቶ ውሃውን ያሸኛል። እኛ ግን ለቤታችን ይህን አላደረግንለትም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ግቢውን እንደገና ሠርተነዋል። ለዘመድ ለወዳጅም ሦስት አራት ግቢ ላይ አብሬ ቆፍሬያለሁ። እዚህ የምጽፈው ከዚያ የተማርኩትን ነው። አበባውም፣ ሣሩም፣ ኮብልስቶኑም የሚያምረው መሬቱ ውሃን በትክክል ሲያሸኝ ብቻ ነው።

በክረምት እዩ፣ በጥቅምት ቆፍሩ

ሥራው የሚጀምረው በዶማ ሳይሆን በዓይን ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሲበረታ ጃንጥላ ይዛችሁ ውጡ። ውሃው ከየት ይገባል? የት ይቆማል? በየት ይወጣል? በቆመበት ቦታ ችካል ትከሉ። በሮጠበት መንገድ ጠጠር ጣል ጣል አድርጉ። ዝናቡ ካባራ ከአንድ ቀን በኋላም ተመልሳችሁ እዩ። ያኔም ውሃ የቋጠረ ቦታ ካለ ዋናው ችግራችሁ እዚያ ነው።

ደብረ ማርቆስ በዓመት በአማካይ ወደ 1300 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች። አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ወደ እንጅባራና ዳንግላ ስትሄዱ ይብሳል እንጂ አይቀንስም። የጣሪያችሁን ብቻ አስቡት። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ይሆናል። 80 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ በአንድ ከሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 2400 ሊትር ነው። ባለ 200 ሊትሩን በርሜል 12 ጊዜ ሞልታችሁ ግድግዳችሁ ሥር እንደመድፋት ማለት ነው። ያም ገና የጣሪያው ነው፣ የግቢው ዝናብ አልተቆጠረም።

ቁፋሮው ግን በክረምት አይሆንም። ጭቃ ላይ የተደለደለ መሬት ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ይሰምጣል። ጥቅምትና ኅዳር ተመራጭ ናቸው። አፈሩ ገና እርጥበት ስላለው ለዶማ ይለሰልሳል፣ ሲጠቀጠቅም ይያያዛል። መጋቢት ላይ ከጀመራችሁ ዲጅኖ እንኳ የሚመልስ መሬት ታገኛላችሁ።

ከመውጫው ጀምሩ

ብዙ ሰው ከቤቱ ጀምሮ ወደ ውጭ ያስባል። እኔ ተቃራኒውን እመክራለሁ። መጀመሪያ ውሃው ከግቢው የሚወጣበትን ዝቅተኛ ቦታ ፈልጉ። የመንገድ ዳር ቦይ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ከጓሮ በኩል ያለ የተፈጥሮ መፍሰሻ። የዚያ መውጫ ከፍታ ሌላውን ሁሉ ይወስናል። መውጫው ከቤቱ ወለል በታች ስንት ሴንቲ ሜትር ነው? ያቺ ልዩነት ናት ያላችሁ ሀብት። በእሷ ነው ግቢውን በሙሉ የምታዘቀዝቁት።

ውሃውን ጎረቤት ግቢ ላይ መልቀቅ የለባችሁም። ውሃ በተፈጥሮው ወደዚያ የሚወርድ ከሆነም ሰብስባችሁ በአንድ ቦታ በኃይል አትልቀቁት። ከመቆፈር በፊት ቡና ጠጥታችሁ ተነጋገሩ። ሁለት ግቢ የሚያገለግል አንድ ቦይ በጋራ ማውጣት ከሁለት ቦይ ይረክሳል፣ ከክርክርም ያድናል።

አንድ የተለመደ ችግር አለ። ቤቱ ከተሠራ በኋላ መንገዱ በኮብልስቶን ይነጠፍና ከግቢው ከፍ ይላል። ያኔ የመንገዱ ውሃ በበሩ ይገባል። መፍትሔው በሩ ላይ መሬቱን ጉብ አድርጎ፣ ከጉብታው ወዲህ ወርዱን ሙሉ የሚያቋርጥ ቦይ ማውጣት ነው። ቦዩ ውሃውን ቤቱ ጋ ሳይደርስ ይቀበልና በጎን ወደ ዝቅተኛው ጥግ ይወስደዋል።

ከፍታውን ለኩ

ዓይን ያታልላል። በተለይ አጥርና ግድግዳ ካለ ሜዳው ቁልቁለት፣ ቁልቁለቱ ሜዳ መስሎ ይታያል። ስለዚህ መለካት ግድ ነው። ውድ መሣሪያ አያስፈልግም።

ከ10 እስከ 15 ሜትር የሚረዝም ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ቱቦ ግዙ። ውሃ ሙሉበት። ውስጡ የአየር አረፋ እንዳይቀር ቱቦውን ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ አስወጡ። አንዲት አረፋ ከቀረች ልኬቱ ሁሉ ይበላሻል። አንዱ ሰው ጫፉን ቤቱ ጥግ፣ ሌላው በር ጋ ይያዝ። ውሃው ሲረጋ በሁለቱም ጫፍ አንድ ከፍታ ላይ ነው። አሁን ከውሃው አፍ እስከ መሬት በሜትር ለኩ።

ቤቱ ጥግ 40 ሴንቲ ሜትር፣ በሩ ጋ 1 ሜትር ከ10 ሆነ እንበል። ልዩነቱ 70 ሴንቲ ሜትር ነው። በመካከሉ 14 ሜትር ካለ በየሜትሩ 5 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል ማለት ነው። ይህ ጥሩ ግቢ ነው። በተቃራኒው ቤቱ ጥግ ያለው ቁጥር ከበሩ ከበለጠ ቤታችሁ ጉድጓድ ውስጥ ነው ያለው።

በተፋሰስ ሥራ እርከን የሠራችሁ ሰዎች ሌላ መንገድ ታውቃላችሁ። 10 ሜትር ሲባጎ፣ በሴንቲ ሜትር የተሰመረባቸው ሁለት እንጨቶች፣ መሃል ላይ የምትንጠለጠል ትንሽ ውሃ ልክ። ግቢ ላይም እንደዚያው ይሠራል። ዋናው ነገር በየ3 ሜትሩ ለክቶ ወረቀት ላይ መጻፍ ነው። የግቢውን ቅርጽ በእርሳስ ሳሉ፣ በየነጥቡ ቁጥሩን አስፍሩ፣ ውሃው የሚሄድበትን በቀስት አሳዩ። ቀስቶቹ ወደ ቤቱ የዞሩበት ቦታ ሁሉ መስተካከል አለበት።

አፈራችሁ ቀይ ነው ጥቁር?

ጎጃም ውስጥ ይህ ጥያቄ ትልቅ ነው። ቀይ አፈር ውሃ ያሰርጋል፣ ሲጠቀጠቅም ይጸናል። ጠላቱ መሸርሸር ነው። ራቁቱን ዘቅዛቃ ላይ ከተዋችሁት በአንድ ክረምት ቦረቦር ይሆናል።

ጥቁሩ አፈር፣ እንደ ብቸና አካባቢ ያለው ዋልካ፣ ሌላ ፍጥረት ነው። በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። በዚህ አፈር ቤት ሥር ወይም ከግንብ ጀርባ መሙላት ኋላ ያስለቅሳል። ሲያብጥ ይገፋል፣ ሲደርቅ ሊሾውን ይሰነጥቃል። ለሙሌት ገረጋንቲ (ጠጠራማ አፈር) ወይም የማያብጥ የተመረጠ አፈር አምጡ። ዋልካ ላይ ዝቅ ያለ ተዳፋትም አይበቃም፣ ለቀይ አፈር ከሚበቃው ተዳፋት ትንሽ ጨምሩ። የውሃ ማስረጊያ ጉድጓድም አትቆፍሩ፣ ውሃው አይሰርግም፣ ቆሞ ይሸታል እንጂ።

ቤቱ ከሁሉም ከፍ ይበል

ከሁሉ አስቀድማችሁ ይህን ሥሩ። ገንዘባችሁ ለአንድ ሥራ ብቻ የሚበቃ ከሆነ እዚህ ላይ አውሉት።

ከግድግዳው ጀምሮ በመጀመሪያው 3 ሜትር ውስጥ መሬቱ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር መውረድ አለበት። በየሜትሩ 5 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ሲሚንቶ ወይም ድንጋይ የተነጠፈ ከሆነ በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ይበቃል፣ ምክንያቱም ለስላሳ ወለል ላይ ውሃ አይደናቀፍም። ቦታ ጠቦ 3 ሜትር ከሌላችሁ ያለውን ርቀት ተጠቅማችሁ ቦይ ላይ አድርሱት።

የቤቱ ወለል በዙሪያው ካለው መሬት ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ቢል እወዳለሁ፣ 45 ቢሆን ደግሞ በጣም ጥሩ። የጭቃ ቤት ከሆነ ይህ የሞት ሽረት ነገር ነው። ምርጊቱ የሚጀምረው ከድንጋይ መሠረቱ በላይ ነው። አፈር ተቆልሎ ምርጊቱን ከነካ እርጥበቱ ወደ ላይ ይወጣል፣ እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ምስጥም መንገድ ያገኛል። በየዓመቱ በጥራጊ፣ በአመድና በአበባ መደብ ምክንያት አፈሩ ቀስ እያለ ከፍ ይላል። አንድ ቀን አካፋ ይዛችሁ የቤታችሁን ዙሪያ ዙሩ። ድንጋዩ ከተቀበረ ግለጡት።

በግድግዳው ዙሪያ ከ60 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የድንጋይ ወይም የሲሚንቶ ንጣፍ ቢኖር ከጣሪያ ጠርዝ የሚወርደው ጠብታ አፈሩን አይቦረቡረውም። ዋልካ ላይ ደግሞ መሠረቱ አጠገብ ያለው እርጥበት ቶሎ ቶሎ እንዳይለዋወጥ ይረዳል። አሸንዳ ካላችሁ መውረጃው ግድግዳው ሥር እንዳያፈስ አርቁት። ወደ በርሜል ወይም ሮቶ ብታስገቡት ደግሞ በበጋ ለጓሮ አትክልት የሚሆን ውሃ አገኛችሁ።

ቆረጣና ሙሌት

መጀመሪያ የላይኛውን ለም አፈር ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ገፍፋችሁ ለብቻው ከምሩ። ብዙ ሰው ይህን ይዘላል። ሎደር ሲገባ ለሙና ለም ያልሆነው ይቀላቀላል፣ ከዚያ ጎመንም አይበቅል፣ ሣርም አይይዝ። እኛም ያንን አፈር አጥተን ሁለት ዓመት ፍግ ስናጓጉዝ ኖረናል።

ከዚያ ከፍ ካለው ቆርጣችሁ ዝቅ ያለውን ሙሉ። ሁለቱ ከተመጣጠኑ አፈር ከውጭ መግዛትም፣ ወደ ውጭ መጫንም የለም። ግን አንድ ነገር አትርሱ፣ የተቆፈረ አፈር ያብጣል። 1 ሜትር ኩብ ቆፍራችሁ ከ1.2 እስከ 1.3 ሜትር ኩብ ልቅ አፈር ታገኛላችሁ። ሲጠቀጠቅ ደግሞ ይቀንሳል። ክምሩን አይታችሁ "ይበቃል" አትበሉ።

ሙሌት በአንዴ አይደፋም። ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት እየነጠፋችሁ፣ እያንዳንዱን ንጣፍ ጠቅጥቁ። ለቀጣዩ መሄድ የምትችሉት ተረከዛችሁ ሳይሰምጥ ሲቀር ነው። የእርጥበቱ ልክ በእጅ ይታወቃል። አንድ ጭብጥ አፈር ጨምቁ። እንደ ኳስ ከያዘ፣ ከወገብ ከፍታ ስትለቁት ከፈራረሰ፣ እጃችሁንም ካላራሰ ልክ ነው። ዱቄት ከሆነ ውሃ እርጩበት። ከጣታችሁ ጋር ከተጣበቀ አንድ ሁለት ቀን ፀሐይ ይምታው።

ትልልቅ ዛፍ ካለ ተጠንቀቁ። የኮሶም ሆነ የወይራ ግንድ ሥር አፈር መቆለል ዛፉን ያፍነዋል። ወዲያው አይደርቅም፣ ሁለት ሦስት ዓመት ቆይቶ ከጫፉ ይጀምራል። መሬቱ ከፍ ማለት ካለበት ከግንዱ ርቃችሁ በድንጋይ ካብ ክበቡትና የድሮ ከፍታውን ተዉለት።

ቦዩ

የግቢ ቦይ የግድ የሲሚንቶ መሆን የለበትም። እንደ ገበሬው ፈሰስ የሚሠራ ሰፊና ጎድጎድ ያለ የሣር ቦይ ለብዙ ግቢ ይበቃል። ከ60 ሴንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ስፋት፣ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይኑረው። ጎኖቹ ቀጥ ያሉ አይሁኑ፣ ልጅ ሲሮጥ የማይደናቀፍበት ዓይነት ለስላሳ ጎድጓዳ ይሁን። በርዝመቱ በየሜትሩ 1 ወይም 2 ሴንቲ ሜትር ይውረድ። ከዚያ ካነሰ ደለል ይሞላዋል። በየሜትሩ ከ5 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ ደግሞ ውሃው ይቆፍረዋል፣ በየጥቂት ሜትሩ ዝቅ ያለ የድንጋይ ማገጃ አድርጉበት። ደሾ ሣር በጎንና ጎኑ ከተተከለ አፈሩን ይይዛል፣ ታጭዶም ለከብት ይሆናል።

ቦዩ በሽንት ቤት ጉድጓድ አጠገብ እንዳያልፍ። የጉድጓዱ አፍ ራሱ ከዙሪያው ከፍ ብሎ መገንባት አለበት። በነሐሴ ጎርፍ የገባበት ጉድጓድ ሞልቶ ሲፈስ የሚከተለው ሽታና በሽታ ነው።

ካብ፣ እርከንና ግንብ

ግቢው በጣም ዘቅዛቃ ከሆነ በተዳፋት ብቻ አይቻልም። ሣር የሚይዘው ተዳፋት 3 ሜትር ሄዶ 1 ሜትር እስከሚወርደው ድረስ ነው። ከዚያ ከበለጠ እርከን ያስፈልጋል።

እስከ 1 ሜትር ከፍታ ድረስ ያለሲሚንቶ የሚካብ ድንጋይ በጣም አስተማማኝ ነው። ውሃ በመሃሉ ያልፋል፣ ስለዚህ ጀርባው ላይ አይከማችም። መሠረቱን ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ቆፍሩ። የታችኛው ውፍረት የከፍታው ግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። ወደ ላይ በሄደ ቁጥር ወደ ተራራው በኩል ጋደም ይበል፣ በ1 ሜትር ከፍታ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል። ድንጋዩ በርዝመቱ ወደ ውስጥ ይግባ እንጂ ፊት ለፊት ተጋድሞ ለታይታ አይቀመጥ። ጎበዝ ካቢ ይታወቃል። ድንጋዩን በመዶሻ ከመምታቱ በፊት ሦስት ጊዜ ያገላብጠዋል። ቀጥ ያለ ስንጥቅ ከላይ እስከ ታች እንዳይገናኝም በሁለት ድንጋይ መጋጠሚያ ላይ አንድ ያሳርፋል። ከካቡ ጀርባ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ጠጠር ሙሉ።

በሲሚንቶ የሚገነባ ከሆነ የውሃ ማስተንፈሻ ቀዳዳ አይቅር። 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቱቦ በየ1.5 ወይም 2 ሜትሩ፣ ከታች አጠገብ። የአንድ ዘመዴ አጥር ግንብ በነሐሴ አንድ ሌሊት ተገንድሶ አድሯል። ግንቡ ወፍራምና ያማረ ነበር። ቀዳዳ ግን አልነበረውም፣ ጀርባው የተሞላውም በዋልካ ነበር። ውሃ የጠጣ አፈር ያንን ሁሉ ድንጋይ ገፍቶ ጣለው። ሌሊት ስለሆነ ሰው አልነበረም፣ ተመስገን።

ከ1 ሜትር በላይ ከሆነ፣ ወይም ከላዩ ቤትና መኪና የሚያርፍበት ከሆነ መሐንዲስ ያስፈልጋል፤ በዚህ አልደራደርም። ከአንድ ረጅም ግንብ ይልቅ ሁለት አጫጭር ካቦች ብታደርጉ ይሻላል። በመካከላቸው የታችኛውን ካብ ከፍታ እጥፍ ያህል ርቀት ተዉ። በዚያች መደብ ላይ ጌሾ ወይም ቡና መትከል ይቻላል፣ እኛም ጌሾአችንን ያደረግነው እዚያ ነው።

ለደረጃው ብዙ አልልም። ከፍታው 15፣ መርገጫው 30 ሴንቲ ሜትር ይሁን፣ ሁሉም እኩል። አንዱ ብቻ 20 ከሆነ እናታችሁ የምትወድቀው እዚያ ላይ ነው። መርገጫው ውሃ እንዳይቋጥር ወደ ፊት ትንሽ ይዘቅዝቅ።

አልብሱት፣ ከዚያ ፈትኑት

የገፈፋችሁትን ለም አፈር መልሱ። ግንቦት መጨረሻ ላይ ዘቅዛቃው ላይ ደሾ ወይም ቬቲቨር ሣር በአግድም መስመር ትከሉ፣ በተዳፋቱ ቁልቁል አይደለም። የመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ ራቁት አፈር ካገኘ ልፋታችሁን ይዞት ወደ ዓባይ ይሄዳል። ሣሩ እስኪይዝ ድረስ ገለባ ወይም የታጨደ ሣር አልብሱት።

ዝናብ ሳትጠብቁ መሞከርም ይቻላል። አንድ በርሜል ውሃ ግድግዳው አጠገብ ቀስ ብላችሁ ድፉና ተከተሉት። መውጫው ድረስ ሳይቆም መሄድ አለበት። የቆመበት ቦታ ላይ ችካል፣ ከዚያ አካፋ።

የእኛ ግቢ ሲፈተን ጥሩ ሄዶ ነበር። ሰኔ ላይ ግን በደቡቡ ጥግ ባለሁለት እጅ ስፋት ኩሬ አገኘሁ። ሙሌቱ እዚያ ጋ ሰምጧል። ይህ የሚጠበቅ ነው፣ አዲስ ሙሌት የመጀመሪያው ክረምት ላይ ይረጋል። ለዚህ ብላችሁ ከተረፈው አፈር ጥቂት ከረጢት አስቀምጡ። መስከረም ላይ ቱቦውን አውጥታችሁ እነዚያኑ ነጥቦች ድጋሚ ለኩ፣ ከአምናው ወረቀት ጋር አስተያዩ፣ የሰመጠውን ሙሉና ጠቅጥቁ። ቦዩን ደግሞ በየዓመቱ ግንቦት ላይ ከደለልና ከቅጠል አጽዱ። እኛ ቤት ይህ የልጆቹ ሥራ ነው፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ይበቃቸዋል።